በግራ ጆሮዬ በኩል

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሐኪሙ «እርጅና ነው አባቴ» አለኝ። አላመንኩትም። እርጅና ከሆነ ቀኙስ እኩያው አይደለም እንዴ? የእኔ ምርመራ ሌላ ነው። ሚስቴ ትዳራችንን ሙሉ የተኛችው በግራዬ በኩል ነበር። የቤቱ ጣጣ፣ የጎረቤቱ ወሬ፣ የእኔ የቀን ጥፋት ሁሉ የሚገባው በዚያ ጆሮ ነው። እሷ ስታርፍ ጆሮው ሥራ ፈታ፤ ሥራ ቢፈታ ጊዜ ዘጋ። ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከዚህ የተሻለ ሕክምና አትጠብቁ።

ይህን ያነሳሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ካዘናችሁ ግን አልከለክልም። ያነሳሁት የተከዳሁት በዚህ ጆሮ በኩል ስለሆነ ነው።

ሱቄ ባምቢስ አካባቢ ናት፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ። ጠባብነቷ ሌላ ነው፤ ደንበኛ ስለካ አንዳችን ውጭ መቆም አለብን። ድሮ ሙሉ ልብስ እሰፋ ነበር። አሁን ሰው የተሰፋ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ መወፈራቸውን ላላመኑ ሰዎች «ሲታጠብ ጠቦ ነው» እያልኩ ወገብ አሰፋለሁ። በምድር ላይ የሠራሁት ጽድቅ ቢቆጠር ይቺው ናት።

ካቶሊክ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር ሲመጣ ከጉልበቱና ከሃይማኖቱ በቀር የያዘው አልነበረም፤ ጉልበቱን አልወረስኩም። በዚህ ከተማ ካቶሊክ መሆን ማለት ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መሃል ገብቶ እንደ መቆም ነው፤ ዱላው ከሁለቱም በኩል ይደርስሃል። ኦርቶዶክሱ ጎረቤቴ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ይለኛል። ጴንጤው ጎረቤቴ ደግሞ «ያው እናንተና ኦርቶዶክስ አንድ ናችሁ» ይለኛል። እኔም እንደ ሰዓቱ ለሁለቱም ፈገግ እላለሁ።

ቤት ከሚስቴ ጋር ማታ ማታ መቁጠሪያ እናደርስ ነበር። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ይህ ጸሎት ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ «ሰላም ላንቺ ይሁን» እያለ ለእመቤታችን ሰላምታ ያቀርብና ግማሹ ላይ ያቆማል። ሌላው ከዚያ ተቀብሎ «ለእኛ ለኃጢአተኞች ለምኚልን» ብሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ የመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። እንደ ትልቅ መጋዝ ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ብቻውን የሚደግም ሞልቷል፤ የሚከለክለውም የለም። ለእኔ ግን ብቻ መድገም ራስህ በር አንኳኩተህ ራስህ «ግባ» እንደ ማለት ነው።

ሚስቴ ሁለተኛውን ግማሽ የትም ሆና ትመልስልኝ ነበር። ሽንኩርት እየላጠች ከጓሮ ትመልሳለች፤ ልብስ እያጠበች ከግቢ ትመልሳለች። እኔ መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ የእኔንም ግማሽ ራሷ ጨምራ ትለውና ስነቃ «አንተ የተኛህበትንም እኔ ብዬልሃለሁ። የሰማይ ደጅ ላይ ግን አልመሰክርልህም» ትለኝ ነበር።

ያረፈች ጊዜ፣ ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ በተነሳ በመጀመሪያው ማታ፣ መቁጠሪያውን ይዤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የእኔን ግማሽ አልኩ። አቆምኩ። ከጓሮ የመጣ ነገር የለም። ከየት ይመጣል? እኔ ግን እንደ ሞኝ ጠበቅኩ። እዚያው ላይ በሩ ተንኳኳና ወዳጄ ገባ። «እንዴት ነህ» እንኳን አላለኝም። ወንበር ስቦ በቀኜ ተቀመጠና ካቆምኩበት ተቀብሎ ጨረሰልኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሳይቀር መጣ። መቁጠሪያው ሲያልቅ ለሚስቴ እንጸልያለን። ይቺም ለሁለት ናት፤ እኔ «የዘላለም ዕረፍት ስጣት» እላለሁ፣ እሱ «የዘላለም ብርሃን አብራላት» ይላል። ከዚያ ሻይ እንጠጣለን፤ ሰው እናማለን። ጸሎት ላይ አሸለበኝ እንጂ ሐሜት ላይ አሸልቦኝ አያውቅም።

ይህ ወዳጄ ካዛንቺስ ተወልዶ ያደገ ነው። እኔና እሱ አንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አብረን ተገረፍን፤ እኔ ከተገረፍኩ በኋላ ወጣሁ፣ እሱ ከተገረፈ በኋላ ተማረ። ጡረታ እስኪወጣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ነበር። ጴንጤዎች ለሚያነሱብን ነቀፌታ ሁሉ መልስ አለው። መጽሐፉን ሳይገልጥ ምዕራፍና ቁጥር ይጠራል። እኔ ምዕራፉን ካስታወስኩ ቁጥሩ ይጠፋኛል፤ ሁለቱንም ያስታወስኩ ለታ መጽሐፉ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

መልሶቹ ደግሞ ያስፈልጉኝ ነበር። ከሱቄ ጎን የሞባይል ዕቃ የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ጴንጤ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሴ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ወንበሯን ይዛ ብቅ ትላለች።

«አባባ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት? እንዳይቆጡ ግን።»

«የተቆጣሁ ለታ ዚፕሽን እንደተሰበረ እመልስልሻለሁ። ጠይቂ።»

«ቄሶቻችሁን ‹አባ› ትላላችሁ አይደል? ጌታ ግን በምድር ላይ ማንንም አባት ብላችሁ አትጥሩ ብሏል። ማለቴ፣ ክሊር ነው እኮ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኔን ስንት ጊዜ ‹አባባ› አልሽኝ?»

ልትመልስ አለችና ሳቀች። «እሱማ በቃ... ሪስፔክት ነው።»

«እኛም ጋ ስሙ እንደሱ ነው።»

ይህችን መልስ ከራሴ አመነጨኋት ብል ደስ ባለኝ። ያስያዘኝ ወዳጄ ነው። ቀን ጥያቄውን እቀበላለሁ፣ ማታ ለእሱ አቀርባለሁ፣ ጠዋት መልሱን የራሴ አስመስዬ አመጣለሁ። ልጅቷ ጠርጥራ ነበር። «አባባ፣ ማታ ማታ ማን ነው የሚያስጠናዎት?» ትለኛለች። «መንፈስ ቅዱስ» እላታለሁ። ወዳጄን አይታው አታውቅም፤ እሱ የሚመጣው ቤቴ ነው፣ ያውም ከመሸ። እኔም ስለ እሱ ትንፍሽ አላልኩ። በዚህ ዕድሜ «ሊቅ» የሚለኝ ሰው ሳገኝ ሌላ ሰው ልጠቁም?

አንድ ቀን ዋናውን አመጣችው። «ማርያም አልጠላኋትም» አለች። «ግን ሞተው የተቀበሩ ሰዎች እንዴት ይሰሙዎታል? ደግሞ ቀጥታ ወደ ጌታ መሄድ እየተቻለ አማላጅ ምን ያደርጋል?»

ማታ ለወዳጄ ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ። ነገር ሲጥመው ሻዩን ማስቀመጥ ልማዱ ነው።

«አንተ ሚስትህን ስታገባ ሽማግሌ አልላክህም?» አለኝ።

«ልኬ ነበር።»

«ለምን? አባቷ ቋንቋህን አይሰማም ነበር?»

«ይሰማል። እንዲያውም ይሰድበኝ ነበር።»

«ታዲያ የላክኸው እሱ ስለማይሰማህ አይደለም። የሚወደው ሰው ሲለምነው ደስ ስለሚለው ነው። እግዚአብሔርም ልጆቹ አንዱ ለሌላው ሲለምኑ ደስ ይለዋል። ደግሞ በእሱ ዘንድ ያሉት ሕያዋን ናቸው፤ ሙታን የሚላቸው መቃብሩን ብቻ ያየ ሰው ነው። እንዲህ በላት።»

በነጋታው እንዲህ አልኳት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «ጌታ እንደ ወረዳ ነው እንዴ፣ ሰው ካላወቁ የማይገቡበት?» አለችኝ። በአፌ የያዝኩት መርፌ ሊገባብኝ ምንም አልቀረው። ማታ ለወዳጄ ስነግረው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ጎበዝ ልጅ ናት!» አለ። ያን ጊዜ ከልቡ ነው የሳቀው። ዛሬ ቁጭ ብዬ የትኛው ሳቁ የልብ፣ የትኛው የጥርስ እንደነበር የምለይ ሰው ሆኛለሁ። ከመሸ በኋላ የተገኘ ጥበብ ነው፤ ለምንም አይጠቅም።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። እሱ የተወለደበት ቤት፣ አጥሩ፣ ከአጥሩ ሥር እንቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ ሳትቀር ሄደች። የእኔ ቤት ከባምቢስ ጀርባ ስለሆነች ተረፈች፤ ከመንገድ ስለማትታይ አስቀያሚ መሆኗን ያየ የለም። ወዳጄ መስቀል ፍላወር አካባቢ ወደምትኖረው ልጁ ቤት ገባ። ልጁና ባሏ ጴንጤዎች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ እቀልድበትም ነበር። «ጠላት ሰፈር የገባህ ሰላይ» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል።

መምጣቱን አላቋረጠም። ታክሲ ሲያጣ በእግሩ ይመጣል። እኔ ደግሞ በዚህ ኮርቼ ለሰው አወራለሁ፤ «ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው» እያልኩ።

የሚገርመው ዓይኔ ሥር የሆነውን አለማየቴ ነው። በዚያው ሰሞን «በቀኝ በኩል ከበሩ የሚገባው ብርድ ወገቤን መታኝ» አለና ወንበሩን ወደ ግራዬ አዛወረው። ግራው እንደማይሰማ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። እኔ ግን የወገቡ ነገር አሳዘነኝና ትራስ ሰጠሁት። አስቡት፤ ለሚከዳኝ ሰው እንዲመቸው ትራስ!

ከዚያ በኋላ ስንጸልይ የእኔን ግማሽ ብዬ አቆምና አፉን አያለሁ። ይንቀሳቀሳል። ሲያቆም እኔ እቀጥላለሁ። እሁድ ቅዳሴ ላይም ቀረ፤ «እዚያው ልጄ ሰፈር ባለው እየሄድኩ ነው» አለኝ። ወገቡ ነው ብዬ አመንኩ። መልሶቹም አጠሩ። የልጅቷን ጥያቄ ሳነሳ «ተዋት፣ ልጅ ናት» ይለኛል። ሻዩንም ማስቀመጥ ተወ። እርጅና ነው ብዬ አመንኩ። እኔ ሐኪሙን ብቻ ነው ያላመንኩት።

ደግሞ የኮቱ ነገር አለ። እንደተዛወረ አካባቢ «ጥሩ ኮት ስፋልኝ» አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ ሙሉ ኮት የሚያሰፋ ሰው መገኘቱ! ጨርቁን ራሴ መረጥኩ። ግን ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አይደሉም፤ የግራው ኮሌታ ከቀኙ ዝቅ ብሎ ቀረ። ፈትቼ ሰፋሁት፤ ባሰበት። ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና «ግሩም ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለብሶት አላየሁም። ለፋሲካም፣ ለገናም፣ ለማንም ሰርግ። በኮሌታው አፍሮ ነው ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸማቀቅኩ። ይሉኝታ ይዞኝ «ለምን አትለብሰውም» ብዬም አልጠየቅኩት።

በቅርቡ አንድ ሰኞ፣ ልጅቷ ስልኳን እያወዛወዘች ሱቄ ገባች።

«አባባ፣ ዛሬ አለቀልዎት። ዛሬ መልስ የለዎትም።»

«ምን መጣ?»

«ትናንት እኛ ቸርች አንድ አባት መሰከሩ። እንደ እርስዎ ካቶሊክ ነበሩ። ሲሪየስሊ፣ አስተማሪ ነበሩ! ይዩት።»

መነጽሬን ከግንባሬ አወረድኩ። ስልኩ ላይ መድረክ አለ፣ አበባ አለ፣ ማይክ የያዘ ሽማግሌ አለ። ከሽማግሌው በፊት ያየሁት ግን ኮሌታውን ነው። ግራው ዝቅ ብሏል። ሰው ልጁን ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚያውቅ፣ እኔም ጥፋቴን አወቅኳት።

ከኮሌታው በላይ የወዳጄ ፊት ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለካቶሊኮች መልስ ሳስተምር ኖሬያለሁ አለ። ጌታን ከተቀበልኩና በውኃ ከተጠመቅኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለና «አንድ የልጅነት ወዳጅ አለኝ፤ እስካሁን በጨለማ ነው ያለው። ጸልዩለት» አለ። አዳራሹ በሙሉ «አሜን!» አለ። አጠገቤ የቆመችው ልጅም፣ ስለ ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ በቀስታ «አሜን» አለች።

በጨለማ! መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ አብርቼ ፊቱ የማስቀምጠው ማን ሆነና?

«እህስ አባባ?»

«ኮቱ ያምራል» አልኳት።

«አባባ ፕሊስ! ቁም ነገሩን ይስሙ!»

«ሰምቻለሁ። ኮሌታው ግን ጠሟል።»

ወጥታ ስትሄድ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ። ከጨርቁ ሥር ምን እንዳለ አላየሁም። የአንድ ደንበኛዬን የሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፋሁት።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ሃይማኖቱን መቀየሩ አይደለም የጣለኝ። ከወንድሜ ልጆች ግማሾቹ ጴንጤ ናቸው፤ በፋሲካ አንድ መሶብ ላይ ነን። ነግሮኝ ቢሆን እንጨቃጨቅ ነበር፣ እኮርፈው ነበር፣ ከዚያ ያልፍ ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ የእኔን ግማሽ ብዬ ስተው፣ ሌላውን ግማሽ ማን ይለው ነበር? ማንም። ለራሴ ይሁን፤ ኃጢአቴን እኔ አውቃለሁ፣ ትንሽ ብትጎድልበት ለውጥ የለውም። ለሚስቴስ? «ዕረፍት ስጣት» ብዬ አየር ላይ ስተዋት «ብርሃን አብራላት» ያለላት አልነበረም። በሙት ዓመቷ ዕለት እንኳን። በዚያ ማታ በግራዬ ተቀምጦ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ፤ ሲያለቅስም አይቼዋለሁ፤ ክንዱን ይዤ አጽናንቼዋለሁ።

ያን ማታ እሱ ከመምጣቱ በፊት ወንበሩን ወደ ቀኜ አዛወርኩት። የግራው ቦታ ላይ የጨርቅ ክምር ቆለልኩበት። የበሩን ሥር የምወትፍበት አሮጌ ሱሪም አዘጋጀሁ፤ ብርድ አለ እንዳይል።

ገባ። ከኋላው በሩን ዘግቼ ሥሩን በሱሪው ወተፍኩት። ወንበሩን አየ፤ ክምሩን አየ።

«ምን ሆነህ ቀየርከው?»

«ሥራ በዛብኝ። ማስቀመጫ አጣሁ።»

«ላንሳልህ?»

«ተወው፣ ይዝረከረካል። ብርዱን ደፍኜልሃለሁ፤ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አማተብኩና ጀመርኩ። የእኔን ግማሽ አልኩና አቆምኩ። ቀኝ ጆሮዬን እንደ አንቴና አቀናሁት። አሳለ። ጠበቅኩት። ደግሞ አሳለ። «ውኃ ይኖራል?» አለኝ። ቀዳሁለት። ጠጣ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩና አቆምኩ። ብርጭቆውን በእጁ ማዞር ጀመረ። ከደጅ የሚያልፍ ታክሲ ረዳት ጥሪ ይሰማኛል፤ ከእሱ የሚሰማ ነገር የለም።

«አውቀሃል» አለኝ።

«ኮሌታው ነው የነገረኝ።»

አንገቱን ደፋ። «ልነግርህ ነበር» አለ።

«መቼ? ቀብሬ ላይ?»

«እንደምታጣኝ ታስባለህ ብዬ ፈራሁ። ብቻህን ነህ። ማታ ብቀርብህ ምን ትሆናለህ አልኩ።»

«አዝነህልኝ ነዋ! ‹ጸልዩለት› ብለህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያሰጣኸኝም አዝነህልኝ ነው?»

«አዎ።»

ይህ ሰው ተጠይቆ መዋሸት አይችልም፤ ችግሩ ካልተጠየቀ ነው።

«በግራዬ ተቀምጠህ ስታንሾካሹክ ምን ነበር የምትለው?»

«ለአንተ እጸልይ ነበር። ስምህን ጠርቼ።»

ሳቄ መጣ፤ ክፉ ሳቅ። «እኔ ሳልሰማህ?»

«እግዚአብሔር ይሰማል።»

«እንግዲያ አንድ ሰው ሳይሰማና ሳያውቅ ሌላው ሊለምንለት ይችላል? ይህን ማን ነው ያስተማረኝ? ጠዋት ለልጅቷ የማደርሰው መልስ ይህ አልነበረም?»

 ዕድሜውን ሙሉ መልስ ያላጣው ሰው ብርጭቆው ውስጥ መልስ ፈለገ። ድሮ ቢሆን ባሸነፍኩት ጊዜ ተነስቼ እጨፍር ነበር። አላስጨፈረኝም። የምፈልገው ሌላ ነበርና ጠየቅኩት፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጠነ።

«ለእሷስ? በሙት ዓመቷ ማታ ምን አልክላት?»

ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምንም» አለ። «ለአንተ ዋሸሁ፤ አፌን እያንቀሳቀስኩ። እሷ ጋ ስደርስ ግን አቃተኝ። የማላምንበትን ቃል ለእሷ ማለት... አልቻልኩም። ዝም አልኩ። ያለቀስኩት ለዚያ ነው።»

«እሷ አንተ ታመህ ሳለ ሙሉ መቁጠሪያ በየቀኑ ብላልሃለች» አልኩት። «ሁለቱንም ግማሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሂድ» አልኩት።

በሩ ሥር የወተፍኩትን ሱሪ ጎንበስ ብሎ አወጣው፤ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ማጣጠፉ ይበልጥ አናደደኝ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ብቻዬን ደገምኩ። አንዳንዴ የእኔን ግማሽ ብዬ በልማድ አቆማለሁ፤ ማቆሜን የማውቀው ግድግዳውን ሳይ ነው። ቀን ልጅቷ ጥያቄ ታመጣለች፤ «አላውቅም» እላታለሁ። «ስለ ቅዱሳን ሥዕልስ?» «አላውቅም።» «ስለ ንስሐስ?» «አንቺ ንገሪኝ።» ድል ማድረጓ ደስ ሊላት ሲገባ ጠጋ ትልና ፊቴን ታያለች። «አባባ አሞዎታል?» ትለኛለች። ጠላቱ የታመመበት ወታደር ሆነች።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጣች። ወንበሯን አልያዘችም። ነጠላዋን አስተካክላ ደጃፌ ላይ ቆመች፤ ልጅቷ ነጠላ ስትለብስ አይቼ አላውቅም።

«ግቢ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም አባባ። ተልኬ ነው።»

«በማን?»

«በእሳቸው። ኮቱን ባዩላቸው አባት። የእርስዎ ጓደኛ መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር፤ በጌታ አላወቅኩም። እሁድ ዕለት ባምቢስ ሱቅ እንዳለኝ ሲሰሙ አለቀሱ። ይቅርታ እንዲያደርጉላቸው ለምኚልኝ ብለውኝ ነው።»

መርፌዎቹን ከአፌ አንድ በአንድ አወጣሁ። እንዲህ ያለ ዕድል በሰው ዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ሊቸኮልበት አይገባም።

«ቀጥታ ወደ እኔ መምጣት አይችልም ነበር?»

  ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ።

«አባባ!»

«አይ፣ እኔ እኮ እንደ ወረዳ አይደለሁም፤ ሰው ካላወቁ የማይገቡብኝ።»

«በቃ ይተዉኝ!» አለች፤ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። «እሳቸው ራሳቸው ቢመጡ አይከፍትልኝም አሉ። አንቺን ግን ይወድሻል፣ ያንቺን ልመና እምቢ አይልም አሉኝ።»

«እንግዲህ መልሱን ከአፍሽ ወሰድኩት።»

ይህን ያህል ዘመን ስንጨቃጨቅ እንደዚያ አሸንፌ አላውቅም። ያውም በራሴ መልስ። ልቤ ዘለለ፤ ይህን ሮጦ ለሰው መንገር ነው! ለማን? የዚህን ቀልድ ጣዕም እስከ ሥሩ የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሲሰማ ሻዩን አስቀምጦ እንባው እስኪወርድ የሚስቅ። እሱ ደግሞ ከድቶኛል። ደስታዬን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ።

ልጅቷ እንደቆመች ናት። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ይህን ማን እንደነገራት አላውቅም።

«ይምጣ በይው» አልኳት። «ይቅር ብሎሃል ግን እንዳትይው፤ አላልኩም። ወንበሩ በቀኝ ነው በይው።»

መጣ። ኮቱን ለብሶ ነበር። እንዳላየ ሆንኩ። በቀኜ ተቀመጠ። የእኔን ግማሽ አልኩና አቆምኩ። እሱ ዝም አለ፤ አፉም አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውን ግማሽ ራሴ ተቀብዬ ጨረስኩ። «ለእኛ ለኃጢአተኞች» የምትለዋ ላይ ስደርስ «ለእኛ»ን ወደ እሱ ዞሬ ትንሽ ጮክ አድርጌ አልኩ። እሱም አወቀብኝ። ካልፈለገ ይነሳ፤ አልተነሳም።

አሁንም ይመጣል። አይጸልይም፤ ይቀመጣል። ሻይ እንጠጣለን። ሐሜቱ እንደ ድሮው አልሆነም፤ እየሳቅን መሃል ላይ ትዝ ይለኛልና ሳቄ ይቋረጣል። የልጅቷን ነገር ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠ፤ ሳቀም። እኔ ግን ሲስቅ አፉን ሳይሆን ዓይኑን ማየት ጀምሬአለሁ፤ ድሮ የማላደርገው ነገር ነው።

መጨረሻ ላይ ለሚስቴ ስጸልይ እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ለእሷ ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩትም። «ዕረፍት ስጣት» እላለሁ፤ «ብርሃን አብራላት» እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እደግመዋለሁ። ደግሞ እደግመዋለሁ። እኔ የተኛሁበትን እሷ ትልልኝ አልነበር? ያልተባለላትን እኔ እላለሁ።

በቀደም ማታ ነገሩ ረዘመበት። ታክሲ ሊያመልጠው ሆነ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ወደሚሰማው ጆሮዬ ተጠጋና «ገና ነህ?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ነው ያጎደልክባት» አልኩት። «ተቀመጥ።»